ሦስት ማንኪያ ማር

አባቴ አስታራቂ ናቸው። መታወቂያ ላይ የሚጻፍ ሥራ አይደለም፤ እዚህ እስራኤል፣ በሀደራ ከተማም፣ ከኢትዮጵያ ከመጣነው ከእኛ ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማቾች ሲቀያየሙ፣ አማት ለምራቷ ሰላምታ ስትነፍግ ስልካችን ይጮኻል። አባቴ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ክፋር ብራንዳይስ ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤቴ አብረውኝ ይኖራሉ። ልጆቼ አድገው ስለወጡ ከሥራ የተረፈው ሰዓቴ የእሳቸው ነው። ይህን ስል የማማርር እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ግን አማርራለሁ።

ማስታረቅ ደንብ አለው። አስታራቂ በአንደኛው ወገን ቤት የጠጣውን በሌላው ወገን ቤትም መጠጣት አለበት። አንዱ ጋ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሌላው ጋ ሲደርስ «ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ» ያለ ሽማግሌ ገና ነገሩን ሳይሰማ ፈረደ ማለት ነው። ቡና ልባቸውን ስለሚመታቸው የአባቴ መጠጥ ሻይ ነው፤ ሻዩም ሦስት ማንኪያ ስኳር አለው፣ ያውም የተቆለለ። ነገሩ ባለቀ ዕለት ደግሞ ሽማግሌው ከጠጡበት በራድ፣ ልክ ሽማግሌው እንደጠጡት ተደርጎ ለሁለቱም ተጣዮች ይቀዳል። ያንን ከጠጡ በኋላ ጠቡን መልሶ ማንሳት ነውር ነው። አባቴ ደንቡን ከአያታቸው እንደወረሱት ይናገራሉ። አያታቸው በራድ የሚባል ነገር አይተው ያውቁ እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

ከሻዩ ይልቅ የሚመኩት በዓይናቸው ነበር። «ሰው በአፉ ይቅር ይልና ቂሙ ፊቱ ላይ ይቀራል» ይላሉ። ስለዚህ ብርሃኑ በተጣሉት ሰዎች ፊት ላይ እንዲያርፍ ሁልጊዜ መስኮቱን ከጀርባቸው አድርገው ይቀመጣሉ። ሴትዮዋ «ትቼዋለሁ» ስትል ከንፈሯን ያያሉ። ሰውየው «እሺ» ሲል ዓይኑ ወዴት እንደሸሸ ያያሉ። አንድ ጊዜ ሁሉም ተጨባብጦ፣ ተመራርቆ፣ ሰው ጫማውን ሊያደርግ ሲል «ተቀመጡ፤ ገና አልታረቃችሁም» ብለው ሌላ ሁለት ሰዓት አስቀምጠዋቸዋል። ይህንን የሰማሁት ከሌሎች ነው፤ እኔ ወንዶቹ ካሉበት አልገባም፣ ወጥ ቤት ከሴቶቹ ጋር ነው የምጠብቃቸው።

ስኳር በሽታ እንዳለባቸው የታወቀው ባለፈው የዝናብ ወራት ነው። ሐኪሟ አልሸፋፈነችም። ስኳሩ ከደማቸው ካልወረደ የሚጎዳው ዓይንና እግር ነው አለችን። ኪኒን አዘዘች፣ ጣፋጭ ነገር ከለከለች፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ እንዲታዩም ወረቀት ጻፈች። አባቴ ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። መኪና ውስጥ ስንገባ ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነበር።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ።

«ምን ነውር አለው አባ? ሱኬሬት ያለበት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ? ግማሹ ሰፈር ስኳር አለበት።»

«ግማሹ ሰፈር አያስታርቅም። ሰው የሚያዝንለትን ሽማግሌ አይሰማም። ‹ታመዋል፣ አናድክማቸው› እያሉ ለእኔ ሲሉ ቶሎ ቶሎ ይቅር ይባባላሉ። እንዲህ ያለ ዕርቅ ሳምንት አይሞላውም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ተረቱን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ቃሌን ሰጠሁ። ነገር ግን የኩፓት ሆሊሙን፣ የጤና ጣቢያውን፣ አግዳሚ ወንበር ያየ ሰው ምስጢሩ ስንት ቀን እንደሚያድር መገመት ይችላል። ሱኬሬት ያለባቸው የሚመጡበት ቀን አንድ፣ በሩም አንድ ነው። እዚያ በር ላይ የእኛ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ሌላውን እንዳላየ ግድግዳውን ይመለከታል። አንዱ «ለጉልበቴ ነው የመጣሁት» ይላል፣ አንዷ «ሰው ላደርስ ነው» ትላለች። አባቴም ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ከአንዲት አሮጊት ጎን ተቀመጡ፤ ማንም ያወቃቸው አልመሰላቸውም።

እኔ የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የጭማቂ ፋብሪካ ነው። ቀኑን ሙሉ የምለካው ስኳር ነው። የብርቱካኑ፣ የወይኑ፣ የሮማኑ ጭማቂ በቧንቧ ሲመጣ ጠብታ ወስጄ ስኳሩ ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ስኳር ለኪ ሆኜ ሳለ የአባቴን ስኳር ማውረድ አቃተኝ። ደግሞ ግልፍተኛ ነኝ፤ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ከሐኪሟ በወጣን በሳምንቱ ቁም ሳጥኔ ላይ የስኳር ምትክ የሚባል ነገር ሁሉ ተደርድሮ ነበር።

በመጀመሪያ ያቀረብኩት ትንንሾቹን ነጫጭ እንክብሎች ነው፣ አንዷ እንክብል አንድ ማንኪያ ስኳር ታህላለች የሚባሉትን። አባቴ አንድ ጊዜ ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ። «መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ሲሄድ ግን የበር ቁልፍ የላስኩ ያህል ይሆናል» አሉ። ቀጥሎ ከቅጠል የሚወጣውን ስቴቪያ ሞከርን። ቅጠል መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ቀምሰውት ግን «ቅጠሉ ሳይደርቅ ነው የለቀሙት» ብለው ፈረዱበት። በርች ከሚባል ዛፍ ይገኛል የሚባለውን ዛይሊቶል ወደዱት፤ መልኩም ጣዕሙም ስኳር ነው። ወደዱትና አበዙት። በማግስቱ ወንድማማቾች ሲያስታርቁ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሦስት ጊዜ ተነስተው ወጡ፤ ተጣዮቹ የተቆጡ መስሏቸው ደንግጠው በአንድ ቀን ታረቁ። አባቴ ይህን አልወደዱትም። «በእኔ ሆድ የታረቀ ሰው!» እያሉ ወር ሙሉ ተበሳጩ። የጎረቤታችን ውሻ ከዚያ ዱቄት እንዳይቀምስ ጣሳውን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ለውሻ መርዝ ነው። አባቴ ይህንንም ሰምተው «ለውሻ መርዝ የሆነውን ነው ለአባትሽ የምትሰጪው?» አሉኝ።

ግራ ሲገባኝ ዲያታኒቷ ዘንድ ሄድኩ፤ ምን እንደሚበላ የምትመክረው ልጅ እግር ባለሙያ ናት። ጣሳዎቹን ሁሉ በከረጢት ተሸክሜ ሄጄ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩላት። ሳቀች፣ ግን አልናቀችኝም። አንድ በአንድ እያነሳች አስረዳችኝ። እንክብሎቹ ደም ውስጥ ስኳር አይጨምሩም፤ ስለእነሱ ድሮ ብዙ ፍርሃት ተወርቶ ነበር፣ ዛሬ በልክ ለወሰዳቸው ሰው ሐኪሞች አይከለክሉም። ስቴቪያም እንደዚያው ነው፣ ግን ሻጮቹ ከሌላ ነገር ስለሚቀላቅሉት ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል። አንዱ ጣፋጭ ከትውልድ የሚመጣ አንድ ዓይነት በሽታ ላለበት ሰው ጨርሶ አይሆንም። ስኳር የሚመስሉት ዱቄቶች ሆድ ይነፋሉ፤ ስለ ልብ የሚባልም ነገር አለ፣ ገና እየተጠና ነው፣ ስለዚህ አታብዙ።

«ታዲያ የትኛው ነው ጥሩው?» አልኳት፤ መልስ ይዤ መሄድ ፈልጌያለሁ።

«ጥሩ የሚባል የለም። ከስኳር የሚሻል አለ» አለችኝ። «የሁሉም ችግር አንድ ነው፦ ምላሱ ጣፋጭ መፈለጉን አይተውም። የሚበጀው ቀስ እያሉ ምላስን ማስረሳት ነው። አንድ እንክብል ዛሬ፣ ከወር በኋላ ግማሽ፣ ከዚያ ባዶ።»

አባቴን ባዶ ሻይ ማጠጣት! ይህቺ ልጅ አስታራቂ አታውቅም ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ቢሆንም እንክብሉን መረጥንና፣ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ኪሳቸው ከትቼ በየቤቱ ደበቅ አድርገው እንዲጠቀሙ አስማልኳቸው። የዓይን ሐኪሙን ነገር ስጠይቃቸው «ቶሩን፣ ቀጠሮውን፣ እነሱ ቢጡል አደረጉት፣ ሰረዙት፤ ሌላ ቀን ይሰጡናል» አሉኝ። አመንኳቸው። ስለ ምላሳቸው ስጨነቅ ዓይናቸውን ረሳሁት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከፋሲካ በኋላ የደም ምርመራው ወጣ። ቁጥሩ አልወረደም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ሐኪሟ በእኔ ላይ ዓይኗን አፈጠጠች፣ እኔ በአባቴ ላይ አፈጠጥኩ። ቤት እንደገባን ድምፄን ከፍ አድርጌ ጮህኩባቸው። አባት ላይ አይጮኽም፣ አውቃለሁ። ጮህኩ።

«የት ነው የሚበሉት? ከማን ቤት ነው? ከረሜላ ነው? ኬክ ነው? ይንገሩኝ!»

«በእናትሽ አፈር፣ ስኳር የሚባል በአፌ አልዞረም» አሉ። «በየሰው ቤትም ትቼዋለሁ። አንድ ማንኪያ እንኳ።»

በእናቴ አፈር ምለው ዋሽተው አያውቁም። ቢሆንም አላመንኳቸውም። ኮታቸውን ፈተሽኩ፣ ትራሳቸውን አነሳሁ። ያገኘሁት መሐረብና ያችን የእንክብል ብልቃጥ ብቻ ነው። ብልቃጧ ሙሉ ነበረች፤ ካፏ አልተነካችም።

በዚያው ሰሞን የአንድ ባልና ሚስት ነገር ይዘው ነበር። ባልየው በሰርግ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሚስቱን «ዝም በይ፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ብሏታል። እሷ በማግስቱ ልብሱን አጥፋ በር ላይ አስቀመጠችለት፤ እሱ ተናዶ ወንድሙ ቤት ገባ። አባቴ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይመላለሳሉ፣ እኔም አብሬ። ሰዓቱን ሁሉ የምጠብቀው ሚስቲቱ ወጥ ቤት ነበር። ያን ቀን ግን አባቴ ላይ ተናድጄ ስለነበር ዓይኔ ሻዩ ላይ ነው።

ሴትዮዋ በራዱን አነሳች፣ ብርጭቆውን ሞላች፣ ከመደርደሪያው ላይ ማሰሮ የሚያህል ጠርሙስ አወረደች። የሾርባ ማንኪያ አስገብታ አወጣች። ማር ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እያማሰለች «ለአባታችን ጥሩ አድርጌ ነው የምሠራላቸው» አለችኝ።

«ምንድን ነው የምታደርጊው?» አልኳት፤ ድምፄ ወጣ ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

«አይዞሽ፣ ሱካር አይደለም። ድቫሽ ነው፣ ማር፤ ቲቪኢ ነው፣ የተፈጥሮ። ስለ ሱኬሬታቸው እናውቃለን እኮ። ቤታችን ሱካር ማቅረብ ትተናል። የዋርሳዬም ሚስት እንደዚሁ ነች፤ እሷ ሲላን ነው የምትሰጣቸው፣ የተምር ማር።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ማን ያልሰማ አለ? ኩፓት ሆሊም ከእናቴ ጎን ነበር የተቀመጡት። እናቴ ‹ሲያፍሩ አዘንኩ፣ እንዳላየሁ ሆንኩ› ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ የገቡበት ቤት ሁሉ ማር ነው። ግን እንዳይሰሙ፤ እንዳወቅን ካወቁ ይከፋቸዋል።»

አዋጁን በጆሮ ማለት ይኸው ነው። እሳቸው ከሰፈሩ ይደብቃሉ፣ ሰፈሩ ከእሳቸው ይደብቃል፣ በመሐል ሦስት ማንኪያ ማር ይገባል። ስኳር ቢሆን ኖሮ እንኳ የሻይ ማንኪያ ነበር፤ ማሩ መድኃኒት ነው ተብሎ በሾርባ ማንኪያ ሆነ። ልጮኽባት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳይ ግን አልቻልኩም። ዓይኖቿ በለቅሶ አብጠዋል፤ ትዳሯ ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል፤ በዚህ ሁሉ መሐል ስለ አባቴ ደም አስባ ሹቅ ለሹቅ፣ ገበያ ለገበያ፣ ማር ስትፈልግ ውላለች። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላል። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

ቤት እስክንገባ ንዴቴን ሁሉ ለአባቴ አስቀመጥኩላቸው። «በየቤቱ ማር እየሰጡህ... እየሰጡዎት ነው አይደል?» አልኳቸው፤ ስናደድ አንቱታው ይምታታብኛል።

«አዎ» አሉ ኮራ ብለው። «እኔ አልጠየቅኩም፤ ራሳቸው ናቸው ስኳር የተዉት። ማር መቼ ስኳር ሆነ? ማር መድኃኒት ነው። አባቴ የቆሰለ ሰው በማር ነበር የሚያድኑት።»

በቃል እንደማልረታቸው አወቅኩ። የሰው ፊት አይቶ የሚፈርድ ሰው የሚያምነው በዓይኑ ነው፤ ስለዚህ በዓይናቸው ላሳያቸው አሰብኩ። ፋብሪካችን ውስጥ አሁን በስክሪን ነው የምንለካው፤ ድሮ የምንለካበት እንደ ትንሽ መነጽር በእጅ የሚያዝ ቧንቧ ግን አለ። አለቃዬን ለምኜ ለሁለት ቀን ተዋስኩት። አንድ ጠብታ ጫፉ ላይ ባለው መስተዋት ላይ ታደርጋላችሁ፣ ክዳኑን ትከድናላችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ በአንድ ዓይን ታያላችሁ። ውስጡ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር የስኳሩ ልክ ነው። ባዶ ውሃ ከሆነ መስመሩ ከታች ዜሮው ላይ ይቀመጣል። ስኳር በበዛ ቁጥር መስመሩ ከፍ ይላል።

ዓርብ ጠዋት ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አቀዘቀዝኩ። አንዱ ውስጥ ሦስት እንክብል፣ ሌላው ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር። የእንክብሉን ራሴ አየሁት፤ መስመሩ ዜሮው ላይ ተኝቷል ማለት ይቻላል። የማሩን አየሁት፤ ፋብሪካችን ከሚገባው ከየትኛውም ብርቱካን አልፎ ሄዷል። ደስ አለኝ። ዛሬ ያዝኳቸው ብዬ አባቴን ጠራኋቸው።

«አባ፣ ይሄ ማሩ ነው። ይዩትና መስመሩ የት እንዳለ ይንገሩኝ።»

ቧንቧውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ በግራ ዓይናቸው ገጥመው ብዙ ቆዩ።

«አየሁት» አሉ። «ከታች ነው። አላልኩሽም? ማር ስኳር የለበትም።»

እልህ መሰለኝ። «አባ፣ አይቀልዱ። እንደገና ይዩት።»

«ከታች ነው እልሻለሁ።»

ቧንቧውን ተቀብዬ አየሁ፤ መስመሩ እዚያው ከላይ ነው። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ መስተዋቱን በጨርቅ ጠረግኩና፣ ምንም ሳላንጠባጥብበት፣ ብርሃኑን በእጄ መዳፍ ከልዬ «ይኸው፣ ይሄ ደግሞ እንክብሉ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። ከመዳፌ በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ ጨለማ ነው።

ገጥመው አዩ። «አሁን ከፍ ብሏል» አሉ በእርግጠኝነት። «አየሽ? መርዙ ያለው እንክብሉ ውስጥ ነው።»

እጄን ከብርሃኑ ላይ አላነሳሁም። ማንሳት አቃተኝ። ድምፄን ሰብሰብ አድርጌ «አባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

ቧንቧውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከጠረጴዛው ጠርዝ ሊወድቅ ሲል እኔ ያዝኩት። ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ፤ እንደዚያ ሲዳብሱ ስንት ወር ሳያቸው ኖሬ እርጅና ነው ብዬ አልፌያለሁ።

«ግራው ከዝናቡ ወራት ወዲህ ጭጋግ ነው» አሉኝ። «ቀኙ ደህና ነበር። አሁን እሱም ድር ያደራበት ያህል ሆኗል።»

«ታዲያ ሰውን እንዴት ያስታርቃሉ? ፊት እንዴት ያያሉ?»

«አላይም» አሉ። «በድምፃቸው እገምታለሁ። ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።» ከዚያ በሕይወቴ ከእሳቸው ሰምቼው የማላውቀውን ተናገሩ። «ፈራሁ ልጄ። ወረቀቱን ይዤ ብሄድ ‹ዓይንህ ሄዷል› ይሉኛል። ዓይን የሌለው አስታራቂ ምን ይሠራል? በራድ ይዞ ይቀመጣል?»

አጠገባቸው ተንበርክኬ አለቀስኩ። እሳቸው ጭንቅላቴን እየዳበሱ እኔን አባበሉኝ፤ መሆን የነበረበት የተገላቢጦሽ ነው። ያን ዕለት ስለ ማር አንድ ቃል አልተናገርኩም።

የዓይን ሐኪሙ ዘንድ በአምስት ቀን ውስጥ አስገባኋቸው፤ ስንት ሰው እንደለመንኩ፣ ስንቱን እንደተሳደብኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሐኪሙ ስኳሩ ሳይታወቅ ለብዙ ዓመት ደማቸው ውስጥ እንደኖረ፣ ጉዳቱ በሦስት ወር ማር ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ነገረኝ። ይህ ትንሽ አቀለለኝ፤ የእነዚያንም ሴቶች ጥፋት አቀለለልኝ። ግራው ዓይን ብዙም አይመለስም። ቀኙን በመርፌና በጨረር እንዳይብስ ማቆም ይቻላል፤ ስኳሩ ከወረደ። አባቴ ሁሉንም በጥሞና ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ፊት ይታየኛል?» አሉት። «ቅርብ ያለው፣ በመጠኑ» አላቸው።

ማሩ ስኳር መሆኑንም፣ ሰፈሩ ማወቁንም ቤት ስንገባ ነገርኳቸው፣ አሁን ያለ መለኪያ። አልተከራከሩኝም። «እንክብሉንም ተዪው» አሉ። «ያቺ ልጅ እግር ምን ነበር ያለችሽ? ምላስን ማስረሳት? እንግዲህ ይርሳ።» ባዶ ሻይ ሲጠጡ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማየት አልቻልኩም፤ ፊታቸው እንደ ሕፃን ይጨማደድ ነበር። በየጠዋቱ ናሓል ሀደራ፣ ወንዙ ዳር፣ እየወሰድኩ ከባሕር ዛፎቹ ሥር በክንዴ ይዤ አስጓዝኳቸው። በበጋው መጨረሻ የደም ምርመራው ወረደ። ሐኪሟ እንኳ ፈገግ አለች።

የባልና ሚስቱ ነገር በዚያ ሁሉ መሐል አልተቋረጠም። ያበቃል የተባለበት ዕለት የሚስቲቱ ቤት ስንደርስ፣ እኔ እንደ ልማዴ ወደ ወጥ ቤቱ ዞርኩ። አባቴ ክንዴን አልለቀቁም።

«ዛሬ ከእኔ ጋር ትቀመጫለሽ» አሉ። የባልየው ወንድም አንድ ነገር ማለት ጀምሮ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ድምፁ ሲያዞሩ ግን ወንበር ሳበልኝ። መስኮቱን ከጀርባችን አድርገን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባልና ሚስቱ ፊት ለፊታችን ሆኑ።

«ስኳር አለብኝ» ብለው ጀመሩ። «ይህን ታውቃላችሁ፤ ማወቃችሁንም አውቃለሁ። ስለ ማሩ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከእንግዲህ ግን ይብቃ፣ ማሩም ስኳር ነው። የማታውቁት ዓይኔ መድከሙን ነው። የምታዝኑልኝ ከሆነ እንዲህ እዘኑልኝ፦ ለእኔ ብላችሁ አትታረቁ።»

ሚስቲቱ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ከዚያ ነገሩ ተጀመረ፤ ረጅም ነው፣ አልደግመውም። ባልየው ቤቱን ጥሎ በመውጣቱ ይቅርታ ጠየቀ። እሷም ልብሱን በር ላይ በማስቀመጧ ጠየቀች። ተሳሳሙ። በራዱ መጣ። አባቴ ባዶውን ተቀበሉና ፉት አሉ፤ ደንቡ ደንብ ነውና ለሁለቱም ባዶው ተቀዳላቸው። ባልየው አራት ማንኪያ የለመደ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲውጥ ፊቱን ያጨማደደበት ዓይነት እኔንም ሊያስቀኝ ነበር። ሚስቲቱ ሳቀች። ወንድምየው ሳቀ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ሰው ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ፊቷስ?» አሉኝ።

አየኋት። አፏ ገና ይስቃል። ባሏ እጇን ሊይዝ ሲዘረጋ ግን እጇን ሳትነጥቅ አደነደነችው፤ ዓይኗ ከሱ ላይ ሸሽቶ ወደ በሩ ሄዷል። የሰርጉን ዕለት ቃል ማንም አላነሳውም ነበር። እሱም አላነሳው፣ እሷም አላነሳችው።

አባቴን አየኋቸው። ደክመዋል። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል፣ በማግስቱም የዓይን መርፌ አለባቸው። «ደህና ናት አባ፣ አልቋል» ብል ወደ ቤት ወስጄ አሳርፋቸዋለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጣፋጭ ነበር።

ዋጥኩት።

«ገና ናት፣ አባ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ተቀበልኳቸው።

«ተቀመጡ» አሉ ለቤቱ ሁሉ። «ገና ያልተባለ አለ። አንቺ ልጄ፣ በራዱን መልሰሽ አሙቂው፤ ከዚያ ቶሎ ተመለሺ፣ እፈልግሻለሁ።»